ከማሽላ ማማ እስከ ቤተ ገብርኤል፦ ሰባት ቀን በወሎ

የወሎን የድሮ ግንብ፣ ደወል ቤትና ማማ ለማየት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የገበያ ቀን ይቁጠር። ባቲ ሰኞ ነው፤ ላሊበላ ቅዳሜ ነው። በመካከል ያሉት ቀናት ለደሴ፣ ለሐይቅና ለላስታ መንገድ ልክ ይበቃሉ። ስለዚህ ይህ ጉዞ እሑድ ኮምቦልቻ ላይ ተጀምሮ ቅዳሜ ማታ ላሊበላ ላይ ያልቃል። ወሩ ኅዳር ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ደርቋል፣ የቆላው ማሽላ ግን ገና ከማሳው አልተነሣም። በየካቲትና በመጋቢት የሚመጣ ሰው ደጋው ላይ የበልግ ዝናብ ሊይዘው ይችላል። ሐምሌና ነሐሴ ለዚህ መንገድ ጨርሶ አይሆኑም።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር፦ በዚህ መስመር መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። የነገውን መንገድ ዛሬ ማታ መናኸሪያ ሄዶ ከዚያው አቅጣጫ የመጣ ሾፌር መጠየቅ ነው። ሁለት ሾፌር ተጠይቆ መልሱ ካልገጠመ ባሉበት አንድ ቀን ማደር ይሻላል። ከመሸ በኋላ አይነዳም። ጥሬ ገንዘብም ከኮምቦልቻ ወይም ከደሴ ይያዝ፤ ላስታ ላይ መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ የባንክ ማሽኑም የስልክ ክፍያውም አብሮ ይቆማል።

እሑድ፦ ኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል የተነሣ መኪና በጣርማ በር ዋሻ አልፎ፣ ደብረ ሲናንና ከሚሴን ተሻግሮ ከሰዓት በኋላ ኮምቦልቻ ይገባል። 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወዲህ እንቅልፍ ቢመጣም መንቃት ያስፈልጋል፤ የጉዞው የመጀመሪያ ማማ የሚታየው ከመኪናው መስኮት ነውና።

የማሽላ ማማ በድንጋይ አይሠራም፣ ከአንድ መኸር በላይ የሚቆየውም ጥቂቱ ነው። ማማ የሚለው ቃል ግን ቤቱ እዚህ ነው። አራት ባላ በአራት ማዕዘን ይተከላል። በባላዎቹ መንታ ላይ ወራጅ ይጋደማል፤ በወራጁ ላይ እንጨትና አገዳ ተረብርቦ ወለል ይሆናል፤ ከላይ ፀሐይ የሚከልል የአገዳ ዳስ ይደረጋል። መወጣጫው ብዙ ጊዜ ቅርንጫፉ ተቆርጦ ጉጡ ብቻ የቀረለት አንድ ግንድ ነው። ቁመቱን የሚወስነው ማሽላው ነው። የቆላ ማሽላ የሰው ቁመት እጥፍ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል ወለሉ ከዚያ ዝቅ ካለ ጠባቂው የሚያየው አፍንጫው ሥር ያለውን ዘለላ ነው፤ እህል የሚበላው ወፍ፣ ግሪሳው፣ ከማሳው ጀርባ ሲያርፍ አያየውም። ወለሉ ላይ የወንጭፍ ድንጋይ ይከመራል። ድንጋዩ እኩል መጠን ያለው፣ ከእንቁላል የማይበልጥ መሆን አለበት፤ የተለያየ ከሆነ እጅ ርቀቱን መልመድ አይችልም።

ግሪሳ የሚወርደው ማለዳና ወደ ማታ ነው። ስለዚህ ማማው ሰው ያለበት እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ድረስና እንደገና ከ9 ሰዓት በኋላ ነው፤ በቀትር ያለፈ ሰው ባዶ ዳስ ብቻ አይቶ ይሄዳል። ልውጣበት የሚል ሰው ባለማሳውን ይጠይቅ፣ ከመውጣቱም በፊት የባላዎቹን እግር ይይ። ማማ የሚወድቀው ከላይ ሸክም በዝቶበት ብቻ አይደለም፤ ምስጥ ከመሬቱ አፍ ላይ ባላውን ውስጥ ለውስጥ ይበላዋል፣ ልጡ ግን እንዳለ ይቆማል። በእግር ጫማ ጫፍ መታ ሲያደርጉት ድምፁ የሰለለ ከሆነ መቅረት ነው። ወይራና ጥድ ምስጥ ይችላሉ፤ ባሕር ዛፍ አይችልም።

በቀጣዮቹ ቀናት የሚታዩት ሁሉ የዚህ የማሽላ ማማ ዘመዶች ናቸው። የወሎ ሰው ከፍ ያለ ነገር የሠራው ወይ አሻግሮ ለማየት፣ ወይ ለመጣራት ነው። ይህን ይዞ የሄደ ሰው ደወል ቤቱንም፣ ሚናራውንም፣ ዓለቱንም አስተካክሎ ያያል።

ኮምቦልቻ ራሷ ዛሬ የደረቅ ወደብና የፋብሪካ ከተማ ናት፣ ከፍታዋም 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ማደሪያ አይጠፋም። አንድ ቀን የተረፈው ሰው በከሚሴ በኩል ወደ ሾንኬ ይሂድ። ሾንኬ ኮረብታ ጫፍ ላይ የተሠራ የአርጎባዎች ጥንታዊ መንደር ነው፤ ቤቶቹ የድንጋይ ካብ፣ ጣሪያቸው ጠፍጣፋና አፈር የለበሰ። እንዲህ ያለ ጣሪያ ክረምት ሳይገባ ካልተደመደመ ውሃ ያስገባል፣ ውሃው ወራጁን ያበሰብሳል፣ ወራጁ ሲሄድ ካቡም ይከተላል። መኪና እስከ መንደሩ አያደርስም፤ መጨረሻው በእግር ነው፤ ሲደርሱም በቅድሚያ ሽማግሌዎቹን አግኝቶ ማስፈቀድ ነው።

ሰኞ፦ ባቲ

ወሎ ባሕር የላትም፤ ወደ ባሕር የሚያወጣ በር ግን ነበራት፣ በሩም ባቲ ናት። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ባቲ ይደረሳል። መንገዱ ከዚያ በሚሌ አድርጎ ወደ አሰብ ይወርድ ነበር፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን የሠራው የአሰብ መንገድ ይኸው ነው። ዛሬ ጭነቱ ከሚሌ ወደ ጅቡቲ ይታጠፋል። ስለዚህ መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ይበዛል። በራሱ መኪና የሚሄድ ሰው ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ሸራውን ያግላል፣ የጋለ ሸራ ደግሞ በጣም በሚፈለግበት ኩርባ ላይ አይዝም።

ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ሚኒባስ በ12 ሰዓት ተኩል መሙላት ይጀምራል። በገበያ ቀን ዘግይቶ የመጣ ሰው በር ላይ ይቀራል። ገበያው የሚደምቀው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው። ከ8 ሰዓት በኋላ የሩቅ አገር ሰው ጭነቱን እያነሣ ስለሚሄድ የሚቀረው ምርጡ አይደለም።

ባቲ የሚታየው ግንብ አይደለም። የሚታየው ደጋና ቆላ የሚገናኙበት አሠራር ነው። አፋሮች ጊሌያቸውን፣ ማለትም ጩቤያቸውን፣ ወገባቸው ላይ ታጥቀው ግመል፣ ፍየልና ጨው ይዘው ይወጣሉ። ኦሮሞውና አማራው ማሽላ፣ ጤፍ፣ በርበሬና ጨርቅ ይዞ ይወርዳል። የከብቱ ተራና የእህሉ ተራ ይለያያል፤ ግመል ተራ የሚሄድ ሰው ከግመሉ ኋላ አይቁም። ግመል ገዥ መጀመሪያ ጥርስ ያያል፣ ከዚያ ገላውን ይዳስሳል፤ በጭነት የቆሰለ ግመል ቁስሉ ቢሽርም ጠባሳው ከጠጉሩ ሥር ይገኛል። ዋጋ የሚጠየቀው ሰላምታ ተሰጣጥቶ፣ አሰላሙ አለይኩም ተባብሎ ነው። ሰላም ሳይሉ ዋጋ የጠየቁት ነጋዴ መልስ ቢሰጥም የሚሰጠው የእንግዳ ዋጋ ነው። ፎቶም እንዲሁ፦ «ላንሣሽ እናቴ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እጇን ካወዛወዘች ካሜራውን ማውረድ ነው።

ወሎ ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች አንዱን በዚህች ከተማ ስም ጠርታዋለች። አምባሰልም ተራራ ነው፣ ቅኝትም ነው፤ ረቡዕ ዕለት በአጠገቡ ይታለፋል።

ባቲ ከኮምቦልቻ የባሰ ይሞቃል። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ውሃ ይያዝ፣ ከ9 ሰዓት በፊትም ወደ ኮምቦልቻ የሚመለስ መኪና ላይ ቦታ ይያዝ።

ማክሰኞ፦ ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ከፍታው ግን ከ1,850 ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ይወጣል። ዳገቱ ሐረጎ ነው። ማለዳ ጉም ስለሚቀመጥበት 2 ሰዓት ሳይሆን መነሣት አይጠቅምም፤ ጉሙ ሲገለጥ ኮምቦልቻና የቦርከና ሸለቆ ከታች ተዘርግተው ይታያሉ። ትላንት ባቲ በሸሚዝ የዋለ ሰው ዛሬ ጋቢ ይፈልጋል።

ደሴን ደሴ ያላት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ነው ይባላል፤ በ1870ዎቹ እዚህ ሠፍሮ ሳለ ጭራ ያለው ኮከብ አይቶ ደስ ስላለው። ከተማ ያደረጓት ግን ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ቀድሞ ኢማም መሐመድ አሊ ይባሉ ነበር። ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ በግንቦት 1870 ዓ.ም. ከተደረገው ጉባኤ በኋላ ክርስትና ተነሡ፣ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግሬ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ፣ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ድል ሆኑ። የእርሳቸው ሥራ አይጠየፍ አዳራሽ ነው።

አይጠየፍ ማለት ማንንም አይንቅም፣ ማንም ገብቶ ይበላል ማለት ነው። አዳራሹን ሲያዩ ቁመት የሚፈልግ ሰው ይሳሳታል፤ የዚህ ቤት ክብሩ ስፋቱ ነው። ግብር የሚበላበት ቤት ነውና ሰው በተራ ገብቶ፣ በተራ ተቀምጦ፣ በልቶ በሌላ በኩል መውጣት ነበረበት። ስለዚህ ከውጭ አንድ ዙር መዞር፣ በሮቹን መቁጠር፣ የትኛው ለማን እንደነበር ጠባቂውን መጠየቅ ነው። ከዚያ ጣሪያውን መመልከት ነው። የድሮ ቤት የሚጎዳው ከላይ ነው። ቆርቆሮው በምስማሩ ዙሪያ ሲዝግ ቀዳዳው የሹራብ መርፌ አይበልጥም፤ ጠብታው ግን በየክረምቱ አንድ ቦታ ላይ ይወድቃል፣ የወጋግራውን ጫፍ ያበሰብሳል፣ ቀጥሎ የግንቡን ራስ ያረጥባል። ግንቡ በጭቃ የተገነባ ከሆነ ጭቃው ታጥቦ ይወርድና ድንጋዩ ያለ ማያያዣ ይቀራል። ግንቡ ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ጥቁር መስመር የታየበት ቦታ ሁሉ ይህ ሥራ ተጀምሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ቤት በሲሚንቶ ሲለሰን ደግሞ ሌላ ጥፋት ይመጣል፤ ሲሚንቶ እርጥበቱን ውስጥ ቆልፎ ይይዛል፣ ልስኑ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ በሰሌዳ በሰሌዳ እየተላቀቀ የድንጋዩንም ፊት ይዞ ይወድቃል። ለድሮ ግንብ የሚስማማው ኖራ ነው። ይህን ማወቅ ያለበት ባለሙያ ብቻ አይደለም፤ ለደብሩ እድሳት ገንዘብ የሚያዋጣ ምእመንም ሊጠይቅ ይገባል።

ደሴ ሙዚየም የደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ በነበረው ቤት ውስጥ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ቅርሱ ተዘርፏል፣ ያ ቁጭት ለወሎ ሰው ገና ትኩስ ነው። ሄዶ ማየት ግን ተገቢ ነው፤ ቤቱ ራሱ የዘመኑን የመኳንንት ቤት አሠራር ያሳያል። ከመሄድ በፊት ክፍት መሆኑን ይጠይቁ።

ከቀትር በኋላ ሚናራዎቹንና ደወል ቤቶቹን ከከፍታ ማየት ይቻላል። ወደ ጦሳ ተራራ ጥቂት መውጣት ይበቃል፤ ከተማዋ በሁለት በኩል በተራራ ተይዛ ረጅምና ጠባብ ስለሆነች አንዱ መስጊድ ከሌላው፣ አንዱ ደብር ከሌላው የት እንዳለ ይለያል። የቀድሞ የወሎ ገጠር መስጊዶች ሚናራ አልነበራቸውም። ክብ የሣር ቤት ነበሩ፣ ሙአዚኑም ከፍ ካለ ቦታ ቆሞ ይጣራ ነበር። ሚናራው በከተማ፣ ከድንጋይና ከሲሚንቶ ጋር የመጣ ነው። የድምፅ ማጉያ ከገባ ወዲህ ሙአዚኑ ደረጃውን መውጣት ስለተወ ብዙ ሚናራ ውስጥ ደረጃው የርግብ ቤት ሆኗል፤ ስለዚህ ለመውጣት አይጠይቁ፣ ቢፈቀድም የርግብ ኩስ የሸፈነው ደረጃ ያንሸራትታል። ግቢው ውስጥ መግባት የሚፈልግ ሰው በሶላት መካከል ባለው ጊዜ ይሂድ። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፤ ሴቶች በራሳቸው በር ይገባሉ።

ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ይህችን ከተማ ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ እዚሁ ሆነው በራሳቸው እጅ መትረየስ ተኩሰዋል። ከጦሳ ላይ ሆኖ የከተማዋን ጠባብነት ያየ ሰው ያ ቀን ለሕዝቡ ምን እንደነበር ይገባዋል፤ መሸሻ የለም።

ማታ የደሴ ቡና አይታለፍ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪጠጣ መቀመጥ ነው። በመካከል ተነሥቶ የሚሄድ እንግዳ «ኧረ አብሽር፣ በረካው ሳይደርስ!» ተብሎ ይያዛል።

ረቡዕ፦ ሐይቅ

ከደሴ ሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከከተማው ወደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በባጃጅ ይኬዳል። ገዳሙ ቀድሞ ደሴት ላይ ነበር፤ ውሃው ስለሸሸ ዛሬ በየብስ ይገባል። ወንዶች ብቻ ናቸው የሚገቡት። ይህን ሳያውቁ ቤተሰብ ይዘው የሚመጡ በር ላይ ይለያያሉ፤ በአቅራቢያው የሴቶች ገዳም ስላለ እዚያ መጠበቅ ይቻላል።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እዚህ ገዳም ገብተው ትምህርት ቤት አደረጉት። ለገዳሙ ያጻፉት አራቱ ወንጌል ዘመኑ የተጻፈበት ነው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 ላይ ይወድቃል። አገራችን ውስጥ ዕድሜያቸው በጽሑፍ ከታወቀ መጻሕፍት ከቀደሙት አንዱ ነው። ለማየት አባቶችን መለመን ነው፣ «አባቴ ይፍቱኝ» ብሎ ጉልበት ስሞ። አይሆንም ካሉ አይሆንም፤ ብር ማሳየት ያስከፋል። የቤተ መዘክሩ ክፍያ በደረሰኝ ነው።

ረቡዕ የጾም ቀን ነው። ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ስለሚወጣ መቅደሱን በጠዋት ዙሪያውን ማየት፣ ከዚያ ዝም ብሎ መቆየት ይሻላል። ሐይቅ በዓሣ የታወቀ ቢሆንም የሚጾም ሰው ዛሬ አይቁጠርበት።

በዚህና በብዙ የወሎ ደብሮች በረዥም ደወል ቤት ፈንታ መረዋ ይገኛል። መረዋ የድንጋይ ደወል ነው። ሁለት ወይም ሦስት ረዘም ያሉ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋዮች በጠፍር ከአግዳሚ እንጨት ይንጠለጠላሉ፤ መምቻው በእጅ የሚያዝ ድቡልቡል ድንጋይ ነው። ቀጭኑ ቀጭን ይጮኻል፣ ወፍራሙ ወፍራም፤ ዲያቆኑ በማፈራረቅ ይመታቸዋል። ጠፍሩ የሚታሰረው ከድንጋዩ ጫፍ ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። መሐል ላይ ከታሰረ ድንጋዩ ይታፈናል፣ ልክ ብርጭቆን በመዳፍ ይዘው እንደሚመቱት። ድንጋዩ በዓይን የማይታይ ስንጥቅ ካለበት ድምፁ «ጣ» ብሎ ይቀራል፤ ጤነኛው ከተመታ በኋላ ጥቂት እያዜመ ይቆያል። ጠፍሩ ሲደርቅ ስለሚበጠስ በየጊዜው ቅባት ይቀባል። ዛሬ ብረት ደወል ሲገዛ መረዋውን ከግቢ አውጥቶ ለካብ የሚያውል ደብር አለ። ይህ እንዳይሆን መናገር ያስፈልጋል፤ አንዴ ካብ ውስጥ የገባ ድንጋይ ተመልሶ አይለይም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሰሜን መንገድ ነው። ውጫሌ አካባቢ ይስማ ንጉሥ ይገኛል፤ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል የተፈረመበት፣ 17ኛው አንቀጽ ወደ ዓድዋ ያደረሰበት ቦታ። በግራ በኩል የአምባሰል ተራሮች ይታያሉ። በመስከረም 21 ሰሞን ሕዝቡ ወደ ግሸን ስለሚተም ደሴም ሐይቅም ውጫሌም ማደሪያ አይገኝም። ማታ ወልድያ፤ ከደሴ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ሐሙስ፦ ወልድያ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ

መንገዱ 175 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀኑን ግን ይበላል። የድልብ ዳገት ጥምዝምዝ ነው፤ ሆዱ የሚያምፅበት ሰው ከፊት ወንበር ይያዝ፣ ቁርሱንም ቀለል ያድርግ። ላይ ሲወጡ የመቄት ደጋ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ይቆርጣል። ጋሸና ላይ ቀጥታው ወደ ጎንደር፣ የቀኝ መገንጠያው ወደ ላሊበላ 64 ኪሎ ሜትር ነው። ነዳጅ ወልድያ ላይ ይሞላ።

ላሊበላ ሳይገቡ ከአየር ማረፊያው መንገድ ወጣ ብሎ ነአኩቶ ለአብ ይገኛል። ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ጸበል ከሥሩ የተቀመጡትን የድንጋይ ገበታዎች በዘመናት ብዛት ቦርቡሯቸዋል። በቀኑ መጨረሻ ሰው ስለማይበዛ ጠብታው ይሰማል።

ዓርብ፦ ላሊበላ

ትኬት በጠዋት ይቆረጣል፤ አብያተ ክርስቲያናቱ በቀትር ለሁለት ሰዓት ያህል ስለሚዘጉ በ2 ሰዓት ያልጀመረ ሰው ቀኑ ይጎድለዋል። ጫማ በየበሩ ስለሚወልቅ ማሰሪያ የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ ያስፈልጋል። ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ፤ ካልሲውን ሱሪ ላይ መጎተት ይረዳል። ባትሪ መያዝም ግድ ነው።

ብዙ ሰው ከቤተ መድኃኔ ዓለም ይጀምራል። ግንብ ፍለጋ የመጣ ሰው ግን ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ይጀምር። ከውጭ ሲታይ ቤተ ክርስቲያን አይመስልም፤ ምሽግ ነው የሚመስለው። ፊቱ ከጥልቅ ጉድባ ውስጥ ቀጥ ብሎ የወጣ ዓለት ነው፣ በላዩ ረዣዥም ቅስት ያላቸው ስርጉድ ጌጦች ተቀርጸውበታል፣ የሚገባውም በጠባብ ድልድይ ነው። ድልድዩ ላይ ቆሞ ወደ ታች ማየት ነው መጀመሪያ፤ የግንቡ ቁመት የሚገባው ከላይ ሳይሆን ከጉድባው ወለል ነው። ከዚያ ሲገቡ ውስጡ ከፊቱ ግርማ ጋር አይመጣጠንም፣ ክፍሎቹም የቤተ መቅደስ ሥርዓት የላቸውም። ስለዚህ ነው አጥኚዎች መጀመሪያ ለቤተ መንግሥት ወይም ለመጠበቂያ ተፈልፍሎ ኋላ ቤተ ክርስቲያን ሆኗል የሚሉት። ከዚህ ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚያደርሰው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው። ቀኝ እጅ ግድግዳውን ይነካል፣ ግራው ግንባር ፊት ይያዛል። ጣሪያው ድንገት ዝቅ ይላል፤ ራሱን የሚመታ ሰው ሁሌም ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው።

ቤተ አማኑኤል ላይ ግድግዳው በንጣፍ በንጣፍ ወጣ ገባ እያለ ተቀርጿል። ይህ በእንጨትና በድንጋይ ተነባብሮ የሚሠራውን የአክሱም ግንብ በዓለት መምሰል ነው። ነገ ይምርሐነ ክርስቶስ ላይ እውነተኛው እንጨት ይታያል፣ ስለዚህ ይህን ንጣፍ በደንብ ማስታወስ ያስፈልጋል።

ቤተ ጊዮርጊስ ለ9 ሰዓት ይቆይ። 12 ሜትር ገደማ የሆነ ቁመት፣ ማለትም የአራት ፎቅ ያህል፣ ግን ጫፉ ከቆሙበት መሬት እኩል ነው። ጠራቢዎቹ ከላይ ወደ ታች ነው የሠሩት። መጀመሪያ ዙሪያውን ጉድባ ቆፍረው መሐሉን ለዩት፣ ጣሪያውን በሦስት መስቀሎች አስጌጡት፣ ከዚያ እየወረዱ መስኮቱን፣ በመጨረሻ በሩን። በመሮ ከተሳሳቱ የሚለጠፍበት ድንጋይ የለም። ከላይ 12 መስኮቶች ክፍት ናቸው፣ ከታች 9ኙ የመስኮት ቅርጽ ያላቸው ድፍኖች ናቸው፤ በሮቹ ሦስት። እነዚህን ሳይቆጥሩ ከላይ ፎቶ አንሥቶ መሄድ መንገዱን ማባከን ነው። ወደ ታች የሚያወርደው መንገድ ራሱ ተፈልፍሏል። ግድግዳው ላይ የቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ ኮቴ ነው ተብሎ የሚታየውን ምልክት ዲያቆኑ ያሳያል።

ድንጋዩ ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ለመሮ የሚራራው ለውሃም ይራራል። ጣሪያው ላይ የተወቀሩት ቦዮችና አሸንዳዎች ውሃውን ከግድግዳው አርቀው ለመጣል ናቸው። የጉድባውም ወለል ተዳፋት ተደርጎ ውሃው እንዲወጣ ተሠርቷል። ቦዩ በቅጠልና በአፈር ሲደፈን ውሃ ይቆማል፣ የቆመው ወደ ዓለቱ ይሰርጋል፣ የድንጋይ ሽበት ያበቅላል፣ በበጋ ሲደርቅ ፊቱ እየተፈረፈረ ይወድቃል። በአንዳንዶቹ ላይ በ2000 ዓ.ም. ገደማ የተሠሩት ትላልቅ የብረት ጣሪያዎች ዝናቡን ከልለዋል፤ የካህናቱና የሕዝቡ ሥጋት ግን ክብደታቸው ነው፣ ሥጋቱም ተገቢ ነው፤ እግራቸው የቆመው እዚያው ዓለት ላይ ነውና።

ቅዳሜ፦ ይምርሐነ ክርስቶስና ገበያው

ከላሊበላ በመኪና 42 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ኮረኮንች ስለሆነ ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ይወስዳል። በ12 ሰዓት ተኩል ከተነሡ ለገበያው ይደረሳል። መኪናው ከቆመበት ደረጃውን መውጣት ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፣ ጥዱ ጥላ ነው።

ከንጉሥ ላሊበላ በፊት በነገሠው በይምርሐነ ክርስቶስ ስም የተጠራው ይህ ቤተ ክርስቲያን አልተፈለፈለም፤ ዋሻ ውስጥ በእጅ ተገንብቷል። አንድ ንጣፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ንጣፍ በነጭ የተለሰነ ድንጋይ፣ እንዲህ እየተነባበረ እስከ ጣሪያው። እንጨቱ ከግድግዳው ገባ ይላል፣ ድንጋዩ ወጣ ይላል። በበርና በመስኮት ማዕዘን ላይ ክብ ወይም አራት ማዕዘን ጫፍ ያለው እንጨት ብቅ ይላል፤ የዝንጀሮ ራስ ይሉታል። ሥራው ጌጥ ብቻ አይደለም። በግድግዳው ውፍረት አቋርጦ የሚያልፍ ማሠሪያ ነው፤ የውስጡንና የውጩን አግዳሚ ይዞ ግድግዳው እንዳይከፈት ያደርጋል። አክሱም ሐውልቶች ላይ በድንጋይ የተቀረጸው ክብ ነገርም የዚሁ ምስል ነው። ዋሻው ከዝናብና ከፀሐይ ስለከለለው እንጨቱ እስከ ዛሬ ቆሟል። እንዳይነኩት፤ የእጅ ላብ ነጩን ልስን ያጠቁራል፣ በብዙ ሰው ዘመን የጠቆረው ማዕዘን በዓይን ይለያል። በስተጀርባ የደረቁ አስከሬኖች አሉ፣ ፎቶ አይነሣም።

በ7 ሰዓት ላሊበላ ተመልሶ ገበያ መውጣት ይቻላል። የላስታ ነጭ ማር ሲገዛ በእንጨት አንሥቶ ማንጠልጠል ነው፤ ክሩ ሳይበጠስ ረዝሞ ከወረደ ጥሩ ነው፣ ጠብ ጠብ ካለ ውሃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። እንስራው አፍ ላይ ያለውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ እንዲያወጡ መጠየቅ ያስፈልጋል። ገበያው ሲበተን ወደ ገጠር የሚመለሰው ሰው መኪናውን ሁሉ ይሞላዋል። እሑድ ንጋት በ11 ሰዓት ተኩል ወደ ጋሸና የሚወጣው የመጀመሪያ ሚኒባስ ቦታውም የሚያልቀው ቅዳሜ ማታ ነው፤ ከማሩ በፊት መናኸሪያ ሄዶ ለረዳቱ ስም ማስመዝገብ ነው።